ዘበኛው ከመግለጫዬ በላይ ታመኑ

ለአምዱ አዘጋጅ፣
እንደምን ሰንብተዋል? ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ ነኝ። ሠራተኞቻችን አንገበገቡኝ። እኔ አምሽቼ ያረቀቅሁትን ገንዘብ ተቀባይዋ በእድር ድንኳን፣ ቆጣሪ አንባቢው በጠላ ቤት ያፈርሱታል። በቀደም የውኃ ፓምፕ ተቃጥሎ «በሦስት ቀን ይስተካከላል» ብዬ በሬዲዮ አስነገርሁ። በማግሥቱ ጀሪካን ይዘው ለመጡ ሴቶች አዛውንቱ ዘበኛችን ምን ቢሏቸው ጥሩ ነው? «አትልፉ፣ ፓምፑ ገና ዓባይን አልተሻገረም።» ወሬው ወዲያው ገበያ ደረሰ። እርግጥ የጭነት መኪናው ያን ቀን ጎሃ ጽዮን ቆሞ ነበር፤ ሾፌሩ ደውሎላቸው ኖሯል። ቢሆንስ፣ መግለጫ መስጠት የእሳቸው ሥራ ነው? ከዚያ ወዲህ እኔ ስናገር ሰው «እስቲ ዘበኛውን እንጠይቅ» ይላል። አሁን ሥራ አስኪያጁ ለዘበኛው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አርቅቂ ብለውኛል። ሁለት ቀን ሙሉ እጄ እምቢ አለኝ። ልጻፈው?

መልስ

አትጻፊው።

«እርግጥ» ብለሽ የዘለልሽውን ልያዝብሽ። ጎሃ ጽዮን ማለት እኮ ከበረሃው ወዲያ፣ ሸዋ ነው። ያንን ገደል ወርዶ፣ ደጀን ወጥቶ፣ ገና ማርቆስ ደርሶ የሚተከል ፓምፕ በሦስት ቀን ውኃ ይሰጣል ያለሽ ማን ነው? ሾፌሩስ ለዘበኛው ደውሎ ለአንቺ ያልደወለው ለምን ይመስልሻል? ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብሁት፤ «ሠራተኞቹን ጠየቅኋቸው» ወይም «አስቀድሜ ነገርኋቸው» የሚል አንድ መስመር አጣሁበት።

ግሩኒግና ሀንት የተባሉት ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1984 የሕዝብ ግንኙነትን አሠራር በአራት ሲከፍሉት መረጃ መልቀቅ ሁለተኛው፣ እኩል መደማመጥ አራተኛው ነበር። አንቺ ሁለተኛው ላይ ቀርተሻል። ድሮ መኳንንቱ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ያስጠይቁ ነበር። የአንቺ እረኛ በርሽ ላይ ቆመው ሳለ ልትከሽያቸው ብዕር አነሣሽ!

አድልተሻል በይኝ፤ የዘበኛ ልጅ ነኝ። ሰው በመሥሪያ ቤቱ ሲናደድ የሚጮኸው ሥራ አስኪያጁ ላይ አይደለም፣ በሩ ላይ ባገኘው ሰው ላይ ነው። አባቴ የሚመልሱት ሳይሰጣቸው ስንት ዓመት ተሰድበዋል። የአንቺ ዘበኛ ቢያንስ እውነቱን መለሱ።

እጅሽ እምቢ ማለቱ ደግ ነው፣ እመኚው። ወደ ሥራ አስኪያጁ ስትገቢ የማስጠንቀቂያ ሳይሆን የእርማት መግለጫ ይዘሽ ግቢ። ሬዲዮ ጣቢያ ከመድረሱ በፊት ግን ለዘበኛው፣ ለገንዘብ ተቀባይዋና ለቆጣሪ አንባቢው አንብቢላቸው። የሳቁበት መስመር ካለ ሰርዢው።