መልስ፦ ታሪፍና የቦንድ ወለድ ጠንካራ ኢኮኖሚን እንዴት ይጎዳሉ?

ወንድሜ፣ «ጠንካራው የአሜሪካ ኢኮኖሚ ታሪፍ ምን ያደርገዋል?» ላልኸው፣ ከባቲ የሰኞ ገበያ ልጀምርልህ። ነጋዴው ኬላ ላይ የከፈለውን ቀረጥ በጨርቁ ዋጋ ላይ ጨምሮ ከገዢው ይቀበላል እንጂ ከኪሱ አያስቀረውም። ታሪፍም፣ ማለትም ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ የሚጣል ቀረጥ፣ እንዲሁ ነው፤ የሚከፍለው አስመጪው፣ በአብዛኛው የሚሸከመው ሸማቹ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ቦንዱ፣ ማለትም መንግሥት ከባለሀብቶች የሚበደርበት ሰነድ ነው። በፈረንጆቹ ኤፕሪል 2025 ታሪፉ ሲታወጅ ባለሀብቶች የአሜሪካን ቦንድ ሸጡ። ዋጋው ወደቀ፤ የቦንድ ዋጋ ሲወድቅ ደግሞ ለገዢው የሚያስገኘው ወለድ ይጨምራልና የአሥር ዓመቱ ቦንድ ወለድ በቀናት ውስጥ ከ4 ወደ 4.5 በመቶ ገደማ ወጣ። የቤት ብድር ወለድም ይህንኑ ይከተላል። ፋብሪካ ሊያስፋፋ የነበረው ይጠብቃል፤ መንግሥትም አሮጌ ዕዳውን በውድ ብድር ይተካል።

ልብስ ለሚሰፉት የኮምቦልቻ ልጆችም ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። በ2022 ከአጎዋ፣ ማለትም የአፍሪካ ዕቃ ያለ ቀረጥ አሜሪካ እንዲገባ ከሚፈቅደው የአሜሪካ ሕግ፣ ስንወጣ ልብሳችን ከቀረጥ ነፃ መግባቱ ቀረ፤ በ2025 ደግሞ ሌላ 10 በመቶ ታወጀበት።