በዝናብ ወቅት ለሚጓዝ እግር ቫዝሊንና ሌሎች ቅባቶች፦ መቼ ይጠቅማሉ፣ መቼስ ይጎዳሉ?

በነሐሴ ወር በባሌ ተራሮች ከዲንሾ ተነስተው በወብ ሸለቆ በኩል እስከ ሳነቴ አምባ በእግር ሊጓዙ መሆኑን ገልጸው፣ እግርን ቫዝሊን መቀባት ከእርጥበት ይጠብቅ እንደሆነና ቅቤም ይተካው እንደሆነ ለጠየቁት የቡድናችን አባል የማውቀውን ላካፍል። ቅባት የሚጠቅመው እግርን የሚያረጥበው ውሃ ከውጭ ሲመጣ ነው። እርጥበቱ ከራስዎ እግር የሚወጣ ላብ ከሆነ ግን ያው ቅባት መውጫ ያሳጣውና ችግሩን ያባብሰዋል።

ምክንያቱን ለመረዳት የውስጥ እግርን ቆዳ ማሰብ ይበቃል። የላይኛው ወፍራም ሽፋን የሞቱ ሕዋሳት ንብርብር በመሆኑ፣ ለሰዓታት እርጥብ ካልሲ ውስጥ ሲቆይ ውሃ እየመጠጠ ያብጣል፣ ነጥቶም ይጨማደዳል። እንዲህ የራሰ ቆዳ ከካልሲው ጋር ያለው ሰበቃ ከደረቅ ቆዳ የበለጠ ስለሆነ ቶሎ ውሃ ይቋጥራል፣ ይላጣል፤ ሳይላጥም እንኳ እያንዳንዱ እርምጃ ያማል። ስብነት ያለው ቅባት ቆዳውን ሸፍኖ ውሃው የሚገባበትን ፍጥነት ይቀንሳል እንጂ ጨርሶ አያግደውም።

በባሌ ተራሮች በክረምት የሚያጋጥምዎት በአብዛኛው የውጭ ውሃ ነው። ወንዝ ከመሻገርዎ በፊት የማለዳው ጤዛ ያረፈበት ረጅም ሣር ጫማዎን ያርሰዋል፤ ከዚያ ረግረጉ ይቀጥላል። ውሃ የማያስገባ ሽፋን ያለው ቡት ጤዛውን ይመልሳል፤ ሆኖም አንድ ጊዜ ውሃ በአፉ በኩል ከገባበት ቀኑን ሙሉ አይደርቅም። ስለዚህ በዚህ መንገድ ላይ ቅባት መያዝዎን እደግፋለሁ። በኅዳር ወይም በታኅሣሥ በደረቅ መሬት ቢሄዱ ግን ከጣቶች መካከልና ከሚሰበቅ ቦታ በቀር አይቀቡ እል ነበር። እግራቸው በጣም ለሚያልባቸው ሰዎች መፍትሔው የላብ መቀነሻ ነው፤ በ1998 እ.ኤ.አ. በታተመ የዌስት ፖይንት (የአሜሪካ ጦር መኮንኖች አካዳሚ) ጥናት፣ 20 በመቶ አሉሚኒየም ክሎራይድ የተባለ ላብ መቀነሻ ያለው ፈሳሽ አስቀድመው ለተከታታይ ምሽቶች ከተቀቡት እጩ መኮንኖች ውሃ የቋጠሩት 21 በመቶ ሲሆኑ ካልተቀቡት 48 በመቶ ነበሩ። ሆኖም ከተቀቡት ከግማሽ በላይ የሆኑት ቆዳቸው ስለተቆጣ፣ ከጉዞ በፊት ቤት ውስጥ ሳይሞክሩት አይያዙት።

ከቅባቶቹ ውስጥ ተራ ቫዝሊን ርካሽና በየሱቁ የሚገኝ ነው፤ ጉድለቱ ቶሎ ወደ ካልሲ መሄዱ ነው። ዚንክ ኦክሳይድ ያለው ቅባት ጠጠር ስለሚል ቦታውን ይዞ ይቆያል፤ ለጣቶች መካከል እኔ የምመርጠው እሱን ነው። ከበግ ሱፍ የሚገኘው ላኖሊን በደንብ ይጣበቃል፣ ግን አለርጂ የሚሆንባቸው ሰዎች አሉ። የሲሊኮን ቅባት ከተገኘ ጥሩ ነው፤ በቬትናም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ጦር ሐኪሞች በወታደሮች ውስጥ እግር ላይ ሞክረውት፣ ለብዙ ሰዓታት ውሃ ውስጥ ከመቆየት የሚመጣውን ጉዳት እንደሚቀንስ አይተዋል። ሎሽን ግን አብዛኛው ውሃ ስለሆነ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ከፋርማሲ የሚገዛውን የዊትፊልድ ቅባትም ከእነዚህ ጋር አያምታቱት፤ እሱ የፈንገስ መድኃኒት ነው፣ በውስጡ ያለው ሳሊሲሊክ አሲድ ጠንካራውን ቆዳ እያለሰለሰ የሚልጥ በመሆኑ ለጉዞ የሚፈልጉትን ሽፋን ያሳሳል።

ቅቤን በተመለከተ፣ ያልነጠረ ቅቤ በውስጡ ውሃ አለው፤ የነጠረው የተሻለ ቢሆንም ጫማ ውስጥ ሲሻግት የሚሸተውን አብሮዎት ድንኳን የሚጋራው ሰው ይፍረድ።

አቀባቡን በሚመለከት፣ ጠዋት እግርዎ ሙሉ በሙሉ ደርቆና ሞቆ እያለ በስሱ ቀብተው በደንብ ያሹት፤ ተረከዝን፣ የውስጥ እግርን ፊተኛ ክፍል፣ የጎን ጠርዞችንና የጣቶችን መካከል አይርሱ። በረጠበ ቆዳ ላይ መቀባት ውሃውን ከውስጥ ማፈን ነው። ፕላስተር የሚለጥፉበት ቦታ ካለ አስቀድመው ይለጥፉ፣ ቅባት በነካው ቆዳ ላይ አይያዝምና። ብዙዎች የማያውቁት ነገር፣ ቅባት በመጀመሪያ ሰበቃን ቢቀንስም ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ሰበቃው ተመልሶ ከመጀመሪያውም ሊበልጥ መቻሉ ነው። ስለዚህ የጠዋቱ ቅብ ለቀኑ ይበቃል ብለው አይተማመኑ፤ ለምሳ ሲቀመጡ ጫማዎን አውልቀው እግርዎን ይጥረጉ፣ ጥቂት አየር ያስመቱት፣ እንደገና በስሱ ይቀቡና ካልሲ ይቀይሩ። ካልሲው ሱፍ ቢሆን ይመረጣል፤ ጥጥ ውሃ ይዞ ይቀራል፣ ቅባት ሲጨመርበትም ይቋጠራል።

ማታ ከሁሉ በላይ አስፈላጊው ማድረቅ ነው። ከመኝታ ውጭ የማይለበስ አንድ ደረቅ ካልሲ በላስቲክ ጠቅልለው ይያዙ፤ እርጥብ ካልሲ ለብሶ ያደረ እግር በነጋታው በምንም ቅባት አይድንም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ወታደሮች እግራቸውን በዓሣ ነባሪ ዘይት እንዲቀቡ ሲታዘዙ፣ ከዘይቱ ጋር ካልሲ መቀየርና እግርን በየቀኑ መመርመር አብረው የታዘዙት በዚሁ ምክንያት ነው። ማታ እግሩ ያለ ቅባት ቢያድር ይሻላል፤ የተሰነጠቀ ተረከዝ ካለዎት እሱን ብቻ ይቀቡ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ሳነቴ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ስላለው እርጥበቱ ከብርድ ጋር ይመጣል፤ እርጥብና ቀዝቃዛ እግር ለረጅም ጊዜ ሲቆይ ሥጋው ወደ በረዶነት ሳይለወጥም እንኳ ነርቭና የደም ሥር ይጎዳል፤ ለዚህ በረዶ መኖሩ ግድ አይደለም። እግርዎ ከደነዘዘና ከገረጣ ጫማዎን አውልቀው ያድርቁት፣ በብርድ ልብስ ቀስ ብለው ያሙቁት፣ ከፍ አድርገው ይተኙ፤ አይሹት፣ እሳት አጠገብም አያስጠጉት፤ የደነዘዘ ቆዳ መቃጠሉን አያውቅምና። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ ይህንን ጉዞ በክረምት ከመጀመሩ በፊት ሐኪም ያማክር። የደነዘዘው እግርዎ ስሜት እስከ ጠዋት ካልተመለሰ በእግርዎ አይቀጥሉ፤ ጓዝ ከጫኑት ፈረሶች አንዱን አስለቅቀው ተቀምጠው ወደ ዲንሾ ይመለሱ።