ስለ ሊንዲ ሆፕ ዳንስ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ

ሰላም፣ እዚህ አሜሪካ ሜሪላንድ ሊንዲ ሆፕ (ስዊንግ በሚባለው የጃዝ ሙዚቃ ጥንድ ሆኖ የሚደነስ ዳንስ) መደነስ ከጀመርኩ 6 ዓመት ሆነኝ፣ ጥያቄ ስለበዛብኝ የቻልኩትን አንድ ላይ ልመልስ። ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።

ጥ፦ ስዊንግ የነጮች ዳንስ አይደል እንዴ?

መ፦ ኧረ በጭራሽ! ሊንዲ ሆፕን የፈጠሩት ኒውዮርክ ሀርለም ያሉ ጥቁሮች ናቸው፣ በ1920ዎቹ መጨረሻ፣ ቻርልስተን ከሚባለው ዳንስና ከሌላም ከሌላም ቀላቅለው። እዛው ሀርለም ሳቮይ የሚባለው የዳንስ አዳራሽ በ1926 ሲከፈት ጥቁርም ነጭም አንድ ወለል ላይ ይደንስ ነበር፣ በዛ ዘመን ይሄ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። መድረኩ ሁለት ስለሆነ አንዱ ባንድ ሲያርፍ ሌላው ይቀበላል፣ ሙዚቃ አይቋረጥም። እኔ የምደንስበት፣ እዚህ ሜሪላንድ ያለው የግሌን ኤኮ አዳራሽ ግን እስከ 1961 ጥቁር አያስገባም ነበር፣ በጥቁሮች ሙዚቃ ነጭ ብቻ ሲደንስበት፣ እስቲ አስቡት።

ጥ፦ ሴቷን ወደ ላይ መወርወር ግዴታ ነው? ወገቤን ያመኛል 😅

መ፦ አይደለም፣ እሱ ለሾው ነው። በ1935 ፍራንኪ ማኒንግ የሚባል የሀርለም ደናሽ ሳቮይ ውድድር ላይ ፓርትነሩን በጀርባው አገላብጦ ካወረዳት በኋላ ነው የተለመደው። ሰውዬው ስዊንግ ሲቀዘቅዝ ፖስታ ቤት ተቀጠረ፣ በ1980ዎቹ ወጣቶች ፈልገው አገኙትና በ2009 በ94 ዓመቱ እስኪሞት ሲያስተምር ኖረ።

ጥ፦ እኔ ከእስክስታ ውጪ አልችልም፣ ይሆንልኛል?

መ፦ እኔም እንዳንተው ነበርኩ። የመጀመሪያ ቀን ትከሻዬ አላርፍ ብሎኝ አብራኝ የምትደንሰው ልጅ ቆም ብላ "ዙሪ ነው ያልከኝ ተመለሺ?" አለችኝ፣ ምክንያቱም መልእክቱ ከሰውነትህ ተነስቶ በእጅህ ነው እሷ ጋ የሚደርሰው፣ ትከሻህ ሲርገበገብ ሁሉ ነገር ይምታታባታል። ትከሻውን አሳርፈው፣ ጉልበትህን ላላ አድርግ፣ ኩሽና ውስጥ በቢቱ (በሙዚቃው ምት) ዝም ብለህ ተራመድ። ከዛ ትሪፕል ስቴፕ፣ በሁለት ቢት ሦስት እርምጃ ማለት ነው። የሊንዲ ሆፕ ዋናው እንቅስቃሴ ስዊንግ አውት ይባላል፣ 8 ቆጠራ ነው፣ እኔን ስድስት ወር ፈጅቶብኛል። አውራ ጣትህን ደግሞ እጇ ላይ አትቆልፍ፣ ያማታል።

ጥ፦ ብቻዬን ብሄድስ?

መ፦ ሂጂ! ክላስ ላይ በየጥቂት ደቂቃው ፓርትነር ይቀያየራል።

ጥ፦ ጫማስ?

መ፦ ወለሉን የሚይዝ ስኒከር አይሆንም፣ ስትዞሩ እግራችሁ ይቀርና ጉልበት ይጠመዘዛል። የቆዳ ሶል ይሻላል።

ጥ፦ ከማላውቃት ሴት ጋር ተቃቅፌ ስደንስ ባለቤቴ ምን ትለኛለች?

መ፦ ይዘሃት ና ወንድሜ። የኔዋ መጀመሪያ ልትጠብቀኝ ነበር የመጣችው፣ አሁን ሊድ ታደርጋለች (መሪዋ እሷ ናት)፣ እኔን ራሱ።