እናትሽን ነርሲንግ ሆም ስታስገቢ ፊርማሽን ጠብቂ

እህቴ፣ «እናቴ ወድቃ ሆስፒታል ናት፤ ሶሻል ወርከሯ የነርሲንግ ሆም ዝርዝር ሰጥታኝ እስከ ነገ ምረጪ አለችኝ፣ እናንተ እንዴት መረጣችሁ?» ላልሽው፦ እኔም እዚሁ ሜሪላንድ ለእማዬ ያንኑ ዝርዝር ተቀብያለሁ። ብዙዎች መንግሥት ለየነርሲንግ ሆሙ የሚሰጠውን የጥራት ኮከብ እያየሽ ምረጪ ብለውሻል። ኮከቡ ትንሽ ይቆይ።

1. ዛሬውኑ ሆስፒታሉን «ኢንፓሸንት ናቸው ወይስ ኦብዘርቬሽን?» ብለሽ ጠይቂ፤ በይፋ ተኝተው የሚታከሙ ናቸው ወይስ ለክትትል ብቻ የተያዙ ማለት ነው። መደበኛው ሜዲኬር (የመንግሥት የአረጋውያን ጤና መድን) የነርሲንግ ሆም ሪሃብ፣ ማለትም የማገገሚያ ሕክምና፣ የሚከፍለው 3 ተከታታይ ቀን ኢንፓሸንት ሆነው ከተኙ ነው። የኦብዘርቬሽን ሌሊት አይቆጠርም፣ የሚወጡበት ቀንም አይቆጠርም። ኦብዘርቬሽን ካሉሽ ገና ሳይወጡ ሐኪሙን ተከራከሪው።

2. ሜዲኬር የሚከፍለው ቢበዛ 100 ቀን ነው። የመጀመሪያውን 20 ቀን ሙሉውን ይከፍላል፣ ከ21ኛው ቀን ጀምሮ በየቀኑ ከእናንተ የሚጠበቅ አለ፤ ከ100ው በፊት ሊያቆሙም ይችላሉ። ከዚያ በኋላ ያለው የሜዲኬይድ፣ አቅም ለሌላቸው የሚከፍለው የመንግሥት መድን፣ ጉዳይ ነው። ሜዲኬይድ ደግሞ 5 ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ የተሰጠ ገንዘብ ይፈትሻል፤ ስለዚህ በስማቸው ያለውን ብር ወደ አንቺም ወደ አገር ቤትም አሁን አታዛውሪ።

3. ፊርማው። ለእማዬ አልጋ ተገኘ በተባለ ቀን የመግቢያ ቢሮዋ ሴትዮ የወረቀት ክምር ይዛ መጥታ ቢጫ ምልክት የተለጠፈበትን ብቻ እየገለጠች «እዚህ፣ እዚህም» ትለኛለች። ላንብብ ስል ሰዓቷን ታያለች። አንዱ ገጽ ላይ «ሪስፖንሲብል ፓርቲ» (ኃላፊነቱን የሚወስድ ሰው) ከሚለው ሥር ስሜን ቀድመው ጽፈውታል። ምንድን ነው ስላት «ፎርማሊቲ ነው፤ ልጇ አይደለሽ እንዴ?» አለች። ከታች በደቃቅ ፊደል እማዬ ያልከፈለችውን እኔ ከኪሴ እንደምከፍል ይላል። አልፈርምም አልኳት። «እንግዲያው አልጋውን ለሌላ ሰው እንሰጠዋለን» ብላ ጮኸችብኝ፤ እማዬ በዊልቸር በሩ ላይ ሆና እየሰማች። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል። አነጋገራችንን ሰምተው መብታችንን የማናውቅ ይመስላቸዋል።

ሕጉ ግልጽ ነው፦ የሜዲኬርን ወይም የሜዲኬይድን ገንዘብ የሚቀበል ነርሲንግ ሆም ለመግባት ብሎ ልጅን ዋስ ሁኚ ማለት አይችልም። አንቺ የምትፈርሚው እንደ ወኪል፣ ከእናትሽ ገንዘብ ብቻ ለመክፈል ነው። እኔ ያንን ዐረፍተ ነገር ሰርዤ፣ ስሜ አጠገብ «የእናቴ ወኪል ብቻ» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ፤ ኮፒውንም ሳልቀበል አልወጣሁም። አልጋውን ለማንም አልሰጡትም። በኋላ ሂሳብ ክፍላቸው በእኔ ስም ደብዳቤ ሲልክ ያችን ኮፒ መለስኩላቸው፤ ደግመው አልጻፉም። «አርቢትሬሽን» የሚለውንም ወረቀት፣ ክርክር ቢነሳ ፍርድ ቤት ሳትሄጂ በግልግል እንድትጨርሺ የሚያስፈርመውን፣ ተይው፤ ለመግባት ግዴታ አይደለም።

4. አሁን ኮከቡ። የሜዲኬር «ኬር ኮምፔር» ገጽ ላይ ጠቅላላውን ኮከብ አልፈሽ የሠራተኛውን ቁጥር፣ በተለይ የቅዳሜና የእሁዱን እዪ። ከዚያ እሁድ በእራት ሰዓት ሳትነግሪያቸው ሂጂ። መጀመሪያ ያየሁት ቤት ሎቢው ሆቴል ያስንቃል፤ ፎቅ ላይ ግን አንዲት አሮጊት የጥሪ ቁልፋቸው እጃቸው የማይደርስበት ላይ ተጠምጥሞ፣ ሾርባቸው ቀዝቅዞ ተቀምጠዋል። እኔ የመረጥኩት አሮጌ ሕንፃ ነው። የማታ ረዳቶቹ ውስጥ የእኛ ልጆች አሉ፤ እማዬ ረቡዕና ዓርብ እንደምትጾም ማንም ሳይነግራቸው ያውቃሉ። ቢሆንም ጾሙን ኬር ፕላኑ (የእንክብካቤ ዕቅዳቸው) ላይ አስጽፊው። የሰው ደግነት ፈረቃ ሲቀየር አብሮ ይሄዳል፤ ያልተጻፈለት ኩሽና ሾርባው ውስጥ ወተት ይጨምራል።

ዘመድ እየደወለ «እናትሽን ለፈረንጅ ሰጠሻት» ይልሻል። እኔንም ብለውኛል። ሌሊት ተነስቶ የሚያገላብጣቸው እሱ አይደለም፣ አትስሚው።

ቢሮው ካስቸገረሽ የኦምቡድስማን፣ የነዋሪዎችን አቤቱታ የሚሰማው ቢሮ፣ ስልክ ግድግዳው ላይ መለጠፍ አለበት፤ ደውዪ፣ ገንዘብ አያስከፍሉም። ውሉን ሲሰጡሽ የእናትሽን ስም ሸፍነሽ ፎቶውን በውስጥ ላኪልኝ። ሳትፈርሚ አብረን እናነበዋለን።