«ጌሙ ሌሊቱን ወሰደብን»፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከጎንደር ከደረሱን ደብዳቤዎች ስለ ጌም የሚጠይቁትን አራቱን መርጠናል። የጸሐፊዎቹን ስም አላወጣንም፤ ደብዳቤዎቹንም አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ ልጄ 16 ዓመቱ ነው፣ 10ኛ ክፍል ይማራል። ማታ መብራት አጥፍቶ የተኛ መስሎ ፐብጂ የሚባለውን የተኩስ ጌም ሲጫወት ያነጋል። «ክፍል ውስጥ ይተኛል» ተብዬ ሁለት ጊዜ ትምህርት ቤት ተጠራሁ። ባለፈው ስልኩን ስቀማው ግድግዳውን በቡጢ መታው። አባቱ «ሸጠን እንገላገል» ይላል፣ ጎረቤት ደግሞ «ጸበል ውሰጂው» ይለኛል። ይሄ በሽታ ነው ወይስ ጥጋብ? (እናት፣ ከአዘዞ)

መልስ፦ ጥጋብ አይደለም። በሽታ ነው ለማለት ደግሞ ገና ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የጌም ሱስን በበሽታዎች ዝርዝሩ አካትቶ ያጸደቀው እ.ኤ.አ. በ2019 ሲሆን ዝርዝሩ ሥራ ላይ የዋለው በ2022 ነው። መለኪያው የሰዓት ብዛት አይደለም። ልጁ መቼ እንደሚጀምርና መቼ እንደሚያቆም መቆጣጠር ያቅተዋል፤ ጌሙ ከትምህርት፣ ከምግብና ከሰው ይቀድምበታል፤ ጉዳቱን በዓይኑ እያየም ይቀጥላል። ሦስቱ አንድ ላይ ተገኝተው ኑሮውን በግልጽ ሲያበላሹት፣ ያውም አብዛኛውን ጊዜ 12 ወር ያህል ሲዘልቁ ነው ሐኪም ይህን ስም የሚሰጠው። ክረምት ላይ ቀኑን ሙሉ ሲጫወት ውሎ ትምህርት ሲከፈት የሚተው ልጅ እዚህ ውስጥ አይገባም።

ስለ ቡጢው እንነጋገር፤ ብዙ ቤት የሚጣላው እዚህ ላይ ነውና። ፐብጂ በትልቁ ካርታ 100 ተጫዋች ይገባበታል፣ አንዱ ዙር እስከ 30 ደቂቃ ይሄዳል፣ መሃል ላይ አቁሞ በኋላ መቀጠል የለም። እርስዎ ስልኩን ሲነጥቁ አብረውት ያሉት ሦስት ጓደኞቹ ሰው ይጎድላቸዋል፣ የእሱ ነጥብ ይወርዳል፣ በማግስቱ ትምህርት ቤት የሚሰደበውም እሱ ነው። ግድግዳ መምታቱ ልክ ነው ማለታችን አይደለም። ግን ደንቡን በደቂቃ ሳይሆን በዙር ቢያወጡት ግማሹ ጠብ ይቀራል። «ይሄ የመጨረሻው ነው» የሚባለው ዙሩ ከመጀመሩ በፊት ይሁን። ወደ ፍሪ ፋየር፣ ወደ ሌላው የተኩስ ጌም፣ ከዞረ ደግሞ እዚያ አንድ ዙር 10 ደቂቃ ገደማ ስለሆነ ቁጥሩን እንደገና ይነጋገሩበት።

መጀመሪያ የሚመለሰው ግን ሌሊቱ ነው። በዚህ ዕድሜ ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልጋል፤ ይህ ሳይስተካከል ስለ ትምህርትም ስለ ጠባይም መነጋገር ዋጋ የለውም። ከምሽቱ 3 ሰዓት ጀምሮ የቤቱ ስልክ ሁሉ ሳሎን ይደርና ቻርጅ ይደረግ፤ የእርስዎና የአባቱም ጭምር፣ አለበለዚያ ደንቡ ሳምንት አይቆይም። «ለማንቂያ ያስፈልገኛል» ይላል፣ ስለዚህ የጠረጴዛ ሰዓት ቀድመው ይግዙለት። የሌሊት ጥቅል ርካሽ ስለሆነ ብዙ ልጅ ሌሊት የሚጫወተው በእሱ ነው። ካርድ የሚሞሉለት እርስዎ ከሆኑ የቀን ጥቅል ይግዙለት፣ ምክንያቱንም ይንገሩት። ቤት ዋይፋይ ካለ ራውተሩ እናንተ መኝታ ቤት ይደር።

ስልኩ አንድሮይድ ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ «ዲጂታል ዌልቢይንግ» የሚል አለ። ልጁ በየቀኑ ስንት ሰዓት እንደተጫወተ ያሳያል፣ ለአንድ አፕ የጊዜ ገደብም ያበጃል። ሁለት ቀዳዳ አለው። ገደቡ የሚታደሰው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው፤ 5 ሰዓት ተኩል ላይ «ጊዜህ አልቋል» የተባለ ልጅ ግማሽ ሰዓት ከጠበቀ አዲስ ጊዜ ያገኛል። በዚያ ላይ ራሱ ገብቶ ሊያጠፋው ይችላል። ከእርስዎ ስልክ ሆነው የሚቆጣጠሩት «ፋሚሊ ሊንክ» የሚባለው የጉግል አፕ ነው፤ ስልኩ በምሽት በተወሰነ ሰዓት እንዲቆለፍ ያደርጋል። የ16 ዓመት ልጅ ስልክ ላይ ይህን ተደብቆ መጫን አያዋጣም፣ ቁጭ ብላችሁ አብራችሁ ጫኑት።

የመጀመሪያው አንድ ሁለት ሳምንት ይከብዳል። ይነጫነጫል፣ እንቅልፍ እምቢ ይለዋል፣ «ደበረኝ» ይላል፤ እንደ መጠጥ ሱስ ሰውነትን አደጋ ላይ የሚጥል ነገር ግን የለውም። ስልኩን መሸጥ የሚለውን አንደግፍም፤ ጓደኛው ስልክ ላይ ወይም ጌም ቤት ሄዶ ይጫወታል፣ እርስዎም የት እንዳለ አያውቁም። ጸበሉን አንቃወምም፤ ልጁ ፈቅዶ ይሂድ፣ በግድ ተይዞ አይሁን፣ ሐኪም ያዘዘለት መድኃኒት ካለም አያቋርጥ። ወሩን ሙሉ ሞክራችሁ ካልተለወጠ፣ ወይም ከሰው መራቅና መክሳት ካመጣ፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ይውሰዱት። እዚያ መጀመሪያ የሚታየው ከጌሙ ሥር ድባቴ፣ ሰው መፍራት ወይም ትኩረት የማጣት ችግር መኖሩ ነው፤ ብዙ ጊዜም ይገኛል። ለጌም ሱስ ተብሎ የሚሰጥ ኪኒን የለም፣ ሕክምናው በምክክር ነው። «መኖር አልፈልግም» የሚል ቃል ከአፉ ከወጣ ግን ወሩን አይጠብቁ፣ የዚያኑ ቀን ይሂዱ።

ጥያቄ፦ 19 ዓመቴ ነው፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ኮርስ እየጣልኩ ነው። ፐብጂን ሦስቴ አጥፍቼ ሦስቴ መልሼ ጫንኩት። ብዙ ዩሲ (በብር የሚገዛ የጌሙ ገንዘብ) ያወጣሁበት አካውንት ስለሆነ ሸጬው ልገላገል? (ከማራኪ)

መልስ፦ አትሽጠው። ሽያጩ የጌሙን ደንብ ይጥሳል፣ ቴሌግራም ላይ ያሉት የአካውንት ገበያዎችም ብዙ ጊዜ መጭበርበሪያ ናቸው፤ ገዢው አስረክበኸው በቴሌብር ሳይልክልህ ይጠፋል፣ «ደላላ ነኝ» የሚለውም ከሁለት በኩል ይበላል። አካውንቱ ከፌስቡክህ ወይም ከጉግልህ ጋር የተያያዘ ከሆነ ደግሞ ከጌሙ ጋር እሱንም አሳልፈህ ትሰጣለህ።

አፑን ማጥፋትህ ያልሠራው ያለህ ነገር ሁሉ ስልክህ ላይ ሳይሆን ኩባንያው ሰርቨር ላይ ስለሆነ ነው። መልሰህ ስትጭነው ሁሉም ይጠብቅሃል። የሚስብህም ተኩሱ ብቻ አይደለም፤ በየቀኑ ስትገባ የሚሰጥህ ስጦታ፣ በሰዓት የተገደበው ሚሽን፣ «ና እንጂ ሦስት ሆነናል» የሚለው የክላኑ (የተጫዋቾች ማኅበሩ) መልእክት ነው። ኖቲፊኬሽኑን ዝጋ፣ ከክላኑ ግሩፕ ውጣ፣ ለስኳድህ (አብረውህ ለሚጫወቱት ቡድን) በግልጽ ንገራቸው፤ ሳይናገር የጠፋ ሰው በሁለተኛው ቀን ይደወልለታል። ለአንድ ሳምንት ጌሙን በከፈትክ ቁጥር ከዚያ በፊት ምን እንደነበር ጻፍ። ብዙ ተማሪ ላይ የሚወጣው አንድ ዓይነት ነው፦ ያልተጀመረ አሳይንመንት፣ ወይም ከእራት በኋላ ዶርም ውስጥ ሥራ የሌለበት ሰዓት። ያንን ሰዓት ላይብረሪ ወይም ሜዳ ሆነህ አሳልፈው።

ዓርብና ቅዳሜ ብቻ፣ በቀን ሦስት ዙር ብለህ ለአንድ ወር ሞክር። ከያዘልህ ይበቃል፤ ካልያዘልህ ለአንተ የሚሆነው ጨርሶ መተው ነው፣ ያኔ አካውንቱ ራሱ እንዲሰረዝ ጠይቅ። ለራንኩ (በጌሙ ለያዝከው ደረጃ) አትሳሳ፤ ሲዝኑ (የውድድር ዘመኑ) ሲያልቅ ኩባንያው ራሱ ዝቅ ያደርገዋል።

ጥያቄ፦ 17 ዓመቴ ነው፣ ፍሪ ፋየር እጫወታለሁ። ማይክ ስከፍት ሴት መሆኔን ካወቁ እናቴንም ዘሬንም ይሳደባሉ። አሁን ደግሞ አንዱ የቴሌግራም ፕሮፋይል ፎቶዬን በአፕ ቀይሮ እርቃኔን ያለሁ አስመስሎታል። «2 ሺህ ብር ካልላክሽ ክፍላችሁ ግሩፕ ላይ እለቀዋለሁ» አለኝ። ለቤተሰብ ብናገር ስልኬን ይወስዱብኛል። (ከአራዳ)

መልስ፦ የጻፍሽልን ሁለት የተለያየ ነገር ነው። ፎቶው ይቀድማል፣ ወንጀል ነውና።

ብር አትላኪ። አንዴ የላከች ልጅ ድጋሚ ትጠየቃለች። አትለማመጪው፣ አትሳደቢውም። ብሎክ ከማድረግሽ በፊት ማስረጃውን ያዢ፤ ቴሌግራም ላይ አንዱ ወገን የተጻጻፋችሁትን ከሁለታችሁም ስልክ ማጥፋት ስለሚችል ዛሬውኑ አድርጊው። ማስፈራሪያውን ሰዓቱና ቀኑ እንዲታይ አድርገሽ ስክሪንሾት አንሺ። ከዚያ ፕሮፋይሉን ክፈቺና ዩዘርኔሙን፣ ከታየም ስልክ ቁጥሩን አንሺ፤ ስምና ፎቶ በደቂቃ ይቀየራል። የፍሪ ፋየር መለያ ቁጥሩንም ጨምሪ። ብር ላኪበት ያለሽ የቴሌብር ቁጥር ካለ ከሁሉ የሚጠቅመው እሱ ነው፣ በባለቤቱ ስም የተመዘገበ ነውና። በሌላ ስልክ ቻቱን ከላይ እስከ ታች እየገፋሽ ቪዲዮ ብትቀርጪው ይበልጥ ይታመናል። ፎቶውን ግን «እይልኝ» ብለሽ ለጓደኛ አታስተላልፊ። ይህ ካለቀ በኋላ ሪፖርት፣ ከዚያ ብሎክ።

የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 13 በኮምፒዩተር ሥርዓት ሰውን ማስፈራራትን ይቀጣል፤ አንቀጽ 12 ደግሞ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆችን የሚመለከቱ ጸያፍ ምስሎችን የሚመለከት ነው። ፖሊስ ጣቢያ ስትሄጂ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ የሚያየውን ክፍል ጠይቂ፣ አንድ የምታምኚው ትልቅ ሰው አብሮሽ ይሂድ። እናት ካልሆነች አክስት፣ ወይም ከመምህራን አንዷ።

ይህን ገጽ ለሚያነቡ ወላጆች፦ ልጅቷ ስትነግራችሁ ስልኩን አትቀሟት። የተበደለችውን መቅጣት ነው፣ ማስረጃውም ያለው እዚያው ስልክ ውስጥ ነው።

ቴሌግራምሽን ዛሬ አስተካክዪ። ሴቲንግ፣ ፕራይቬሲ ውስጥ ገብተሽ ፕሮፋይል ፎቶን «ኮንታክቶቼ ብቻ»፣ ስልክ ቁጥርን «ማንም»፣ ግሩፕ ውስጥ የሚያስገባሽንም «ኮንታክቶቼ ብቻ» አድርጊ። ባለ ሁለት ደረጃ ፓስወርዱንም አብሪው። «ነፃ ዳይመንድ» (የፍሪ ፋየር ገንዘብ) የሚል ሊንክ ላይ ፓስወርድ አታስገቢ፣ አካውንት የሚሰረቀው አብዛኛውን ጊዜ እንደዚያ ነው።

ለስድቡ፦ ድምፅሽ ለምታውቂያቸው ስኳዶች ብቻ እንዲሰማ አድርጊ፣ ተሳዳቢውን እዚያው ሚዩት አድርጊ፣ ዙሩ እንዳለቀ ሪፖርት። መልስ አትስጪ፤ የሚፈልገው ድምፅሽ ሲንቀጠቀጥ መስማት ነው፣ ጓደኞቹም ያንን እየቀረጹ ይሳሳቁበታል። በዘር መሳደብ ማይክ ላይ ስለተደረገ ብቻ «ቀልድ» አይሆንም፣ ሪፖርቱን አትተዪ።

ጥያቄ፦ ፕሌይስቴሽን ቤት አለኝ። ዩኒፎርም የለበሱ ልጆች በትምህርት ሰዓት ይመጣሉ፣ ማታ ደግሞ ይጣላሉ። ብከለክል ወደ ሌላ ቤት ይሄዳሉ። (ባለ ጌም ቤት፣ ከፒያሳ)

መልስ፦ ይሂዱ። ወላጅ ወይም ደንብ አስከባሪ መጥቶ ቤቱን ከሚያዘጋብዎ የጥቂት ልጆችን ገንዘብ ማጣት ይሻላል። በአካባቢው ያሉትን ባለ ጌም ቤቶች ሰብስበው በትምህርት ሰዓት ዩኒፎርም ላለማስገባት ብትስማሙ ደግሞ የሚሄዱበት ቤት አይኖርም።

ጠቡን የሚያመጣው ግን «የተሸነፈ ይከፍላል» የሚለው አሠራር ነው። ገንዘብ ያለቀበት ልጅ ለማስመለስ እንደገና ይጫወታል፣ ዕዳ ይገባል፣ ስልኩን ወይም መጽሐፉን ማስያዣ ይተዋል። በጨዋታ ሳይሆን በሰዓት ያስከፍሉ፣ ሁለቱም ግማሽ ግማሹን ቀድመው ይክፈሉ፣ ማስያዣ አይቀበሉ። ሰዓቱ ሊያልቅ 10 ደቂቃ ሲቀረው ይንገሯቸው፤ አዲስ የኳስ ጨዋታ እንዳይጀምሩ ያኔ ነው የሚከለከለው። ሲሸነፍ ጆይስቲክ የሚወረውር ልጅ የተሰበረውን ይክፈል፣ ሳምንት አይግባ፤ ይህንንም በር ላይ በትልቁ ጽፈው ይለጥፉት።