ደብረ ብርሃን ላይ ለቤት አኳሪየም የምትሆን ኤሊ፦ መጀመሪያ ሙቀቱን

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ትናንት ማታ አየሁት። ደብረ ብርሃን ትኖሪያለሽ። ቤትሽ 60 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው አኳሪየም አለ፤ ውስጡ አራት ወርቃማ ዓሦች አሉ። የ9 ዓመቱ ወንድ ልጅሽና የ4 ዓመቷ ታናሹ ኤሊ ካልተገዛልን ብለው ይዘውሻል። «የማታድግ፣ ትንሽ፣ ከዓሦቹ ጋር አብራ የምትኖር ኤሊ የትኛዋ ናት?» ነው ያልሽው። እኔም እዚሁ ደብረ ብርሃን ነኝ። ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ኤሊ ከቤቴ አልጠፋችም፤ አንዷን ግን በራሴ ስህተት አጥቻታለሁ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

የማታድግ ኤሊ የለችም። በብዛት የምትሸጠው ከዓይኗ ኋላ ቀይ መስመር ያላት፣ ቀይ ጆሮ የሚሏት አረንጓዴ ኤሊ ናት። ስትሸጥ ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነች፣ በሳንቲም የምትለካ ዝርያ ትመስላለች። እሷ ግን ገና የተፈለፈለች ሕፃን ናት። ሴቷ አድጋ ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ትደርሳለች። ወንዱ ያንሳል፤ ቢሆንም ከ15 እስከ 20 ይሆናል። አሳዳጊዎች ለእያንዳንዱ 2.5 ሳንቲ ሜትር የጀርባ ርዝመት 40 ሊትር ያህል ውሃ ይይዛሉ። በዚህ ስሌት ያደገች ሴት ከ400 ሊትር በላይ ትፈልጋለች። የአንቺ አኳሪየም ቁመቱም ወርዱም 30 ከሆነ፣ እስከ አፉ ቢሞላ የሚይዘው 54 ሊትር ነው።

የመጀመሪያዋን ቀይ ጆሮ ከአዲስ አበባ ስገዛ ሻጩ «ከመዳፍህ አታልፍም» ብሎኝ ነበር። ዕድሜዋ ደርሶ ያንን ለማየት እንኳ አልበቃሁም። በ2011 ዓ.ም. ታኅሣሥ አንድ ሌሊት መብራት ጠፋ። ጠዋት ስነሳ የውሃው ቴርሞሜትር 13 ዲግሪ ያሳያል። እሷ አንድ ጥግ ላይ ተንሳፋለች፤ አንድ ጎኗ ከሌላው ከፍ ብሏል። በሦስተኛው ቀን ከአፍንጫዋ አረፋ ይወጣ ጀመር፤ አፏን ከፍታ ነበር የምትተነፍሰው። ይዣት የሄድኩት የእንስሳት ሐኪም ሳንባዋ መታመሙን ነገረኝ። ሰውየው የሚችለውን ሁሉ አደረገ፤ እኔ ግን ዘግይቼ ነበር። በሳምንቱ ሞተች። እስካሁን ይቆጨኛል።

ይህን የምነግርሽ ላስፈራራሽ አይደለም። ሌላ ቦታ ያሉ አሳዳጊዎች የሚሰጡት ምክር እኛ ጋ ሲደርስ ለምን እንደሚጎድል እንድታዪ ነው። ኤሊ የራሷን የሰውነት ሙቀት አትሠራም፤ ከውሃውና ከፀሐይ ነው የምትወስደው። ውሃው ሲቀዘቅዝ ሆዷ መፍጨት ያቆማል፤ የበላችው እዚያው ይበላሻል፤ በሽታ የመቋቋም ኃይሏም ይወርዳል። እኛ ደግሞ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው የምንኖረው። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ውጭ ያለውን ሣር በውርጭ ያነጣዋል። ጣርማ በርን ወርደሽ ሸዋ ሮቢት ብትሆኚ መልሴ ሌላ ይሆን ነበር። እዚያ ችግሩ ውሃው ከልክ በላይ እንዳይሞቅ ጥላ ማበጀት ነው።

ስለዚህ የኤሊዋን ዝርያ ከመምረጥሽ በፊት ሙቀቱን ጨርሺ። እኔ ለ100 ሊትር ውሃ መቶ ዋት ማሞቂያ ገዛሁ፤ ለአንድ ሊትር አንድ ዋት ይበቃል የሚል አንብቤ ነበር። ሌሊት ክፍሉ 11 ዲግሪ ሲሆን ውሃው ከ19 አላለፈም። ሁለተኛ መቶ ዋት ጨመርኩ። ከመስታወቱ ሥርና ከጀርባው ፎም አደረግሁ፤ አፉን በከፊል በክዳን ሸፈንኩ። ያኔ 24 ላይ ጸና። ሁለት ትናንሽ ማሞቂያ ከአንድ ትልቅ ይሻላል፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ሌሊቱን ያሻግርሻል። ማሞቂያዎቹን ቀዳዳ በበዛበት የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ክተቻቸው፤ ኤሊ ገፍታ የማሞቂያውን መስታወት ትሰብረዋለች። ውሃ ስትቀይሪም አስቀድመሽ ከሶኬት ንቀያቸው። ውሃው ጎድሎ የጋለ ማሞቂያ ይሰነጠቃል፤ እጅሽ ውሃው ውስጥ ካለ ደግሞ አደጋው ላንቺም ነው።

መብራት ሲጠፋ እኔ የማደርገው ይህን ነው። አኳሪየሙን በመንዝ ባና እጠቀልለዋለሁ፤ አየር እንድታገኝ ከላይ ትንሽ እተዋለሁ። የበግ ጠጉር ነውና ሙቀቱን ይዞ ያቆያል። መብራቱ ከሁለት ሰዓት በላይ ከቆየ፣ ሞቅ ያለ እንጂ ያልፈላ ውሃ በሃይላንድ ሞልቼ፣ ክዳኑን አጥብቄ ውሃው ላይ አንሳፍፋለሁ። ሲቀዘቅዝ እቀይረዋለሁ። በዚያ ቀን ምግብ አልሰጣትም። ከሰል አቀጣጥለሽ ወደ ተዘጋ ክፍል እንዳታስገቢ አደራ። ክፍሉ ይሞቃል ብሎ የሚያስገባ ሰው አውቃለሁ፤ የከሰል ጭስ ከኤሊዋ በፊት ልጆችሽን ነው የሚጎዳው።

አሁን ወደ ምርጫው። አኳሪየም ውስጥ ዕድሜ ልኳን ልትኖር የምትችል ኤሊ ከፈለግሽ የእኔ መልስ ሙስክ ኤሊ ናት። ትውልዷ ከሰሜን አሜሪካ ኩሬዎችና ቀስ ብለው ከሚሄዱ ወንዞች ነው። አድጋ ከ8 እስከ 13 ሳንቲ ሜትር ትሆናለች። ቀለሟ ጥቁር ወይም ቡናማ ነው፤ ፊቷ ላይ ሁለት ነጣ ያሉ መስመሮች አሏት። እንደ ቀይ ጆሮ ዓይን አትስብም። ስትደነግጥ የሚከረፋ ፈሳሽ ታወጣለች፤ ስሟም ከዚያ የመጣ ነው። ቤት ውስጥ ስትለምድ ግን እምብዛም አታወጣውም። የእኔዋን በ2014 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከተማ ሊለቅ ከነበረ አሳዳጊ ነው የወሰድኩት። እስካሁን ፈሳሹን ያወጣችብኝ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱም ጊዜ በድንገት ስላነሳኋት ነው።

ከውሃ ብዙ አትወጣም፤ ቀኑን ሙሉ ታች ስትርመሰመስ ትውላለች። ይህ ለአኳሪየም በጣም ይመቻል። ለአንድ ሙስክ ቢያንስ 100 ሊትር አዘጋጂ። እኔ መስታወት ቤት አሠርቼ 90 በ45 በ45 አድርጌዋለሁ፤ ውሃውን ግን ከግማሽ ትንሽ ነው የማሳልፈው። ሕፃን ከሆነች ውሃው ጥልቅ አይሁን። ጎበዝ ዋናተኛ አይደለችም፤ ተንጠላጥላ አፍንጫዋን የምታወጣበት እንጨት ከታች እስከ ላይ ይኑራት። የውሃው ሙቀት ከ22 እስከ 26 ይሁን። ሌሎች ትናንሽ የጭቃ ኤሊ ዝርያዎችም አሉ፤ አያያዛቸው ይቀራረባል። የምታገኚው ሻጭ የትኛው ዝርያ እንደሆነ በስሙ ካልነገረሽ ግን አትግዢ። ወረቀቷንም ጠይቂ፤ የሙስክና የጭቃ ኤሊ ዓለም አቀፍ ንግድ ከ2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሳይተስ በሚባለው የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው።

ከቆላ በመኪና ይዘው የሚመጡትን የመሬት ኤሊ ከሰጡሽ አትቀበዪ። አያቴ «የድንጋይ ልብስ» የምትላት እሷ ናት። የሣር እንስሳ ናት፤ አኳሪየም ውስጥ ብትገባ ትሰምጣለች። ከኩሬ የሚያዘውን የአገራችንን የውሃ ኤሊም ቢሆን ተዪው። የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ መያዝ በሕግ የተከለከለ ነው።

ስለ ዓሦቹ አጭር መልስ አለኝ፦ አብረው አይኖሩም። ቀይ ጆሮ አሳድዳ ትበላቸዋለች። ሙስክም ዘገምተኛ የሆነውን ሌሊት ትይዘዋለች፤ ወርቃማ ዓሣ ደግሞ ዘገምተኛ ነው። በዚያ ላይ እሱ ቀዝቃዛ ውሃ ይወዳል፣ እሷ ሙቅ። የኤሊ ቆሻሻም ብዙ ነው፤ ማጣሪያው ከአኳሪየምሽ መጠን ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ለሚሆን ውሃ የተሠራ ይሁን። በየሳምንቱ ሩቡን ውሃ እቀይራለሁ፤ የቧንቧውን ውሃ ከአንድ ቀን በፊት በሳፋ ቀድቼ ክፍት እተወዋለሁ፤ ክሎሪኑ ይወጣል። ከማፍሰሴ በፊትም ሙቀቱን አስተካክላለሁ።

ምግቧ ላይ ብዙዎቻችን የምንሳሳተው በጥሬ ሥጋ ነው። ኤሊዋ ሥጋ ስትወድ አይተን ሥጋ ብቻ እንሰጣታለን። ሥጋ ካልሲየም የለውም ማለት ይቻላል፤ ጀርባዋ ይለሰልሳል፣ ይጣመማል። እኔ ዋናውን ለኤሊ የተሠራውን ደረቅ ምግብ እሰጣለሁ። መድኃኒት ካልተረጨበት ጓሮ የወጣ የመሬት ትል እጨምራለሁ፤ አንዳንዴ ትንሽ ዓሣ ከነአጥንቱ። ሕፃኗ በየቀኑ፣ ያደገችው በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ትበላለች። የአንድ ጊዜ መጠኗ የጭንቅላቷን ያህል ነው።

ካልሲየሙ አጥንት እንዲሆን ደግሞ ልዩ የፀሐይ ጨረር ያስፈልጋል። ያ ጨረር በመስኮት መስታወት አያልፍም፤ ስለዚህ መስኮት ሥር ማስቀመጥ አይበቃም። ዩቪቢ የሚባለውን አምፖል ካገኘሽ ከምትወጣበት እንጨት በላይ አድርጊው፤ ቢበራም ጨረሩ ስለሚደክም በዓመት ቀይሪው። እዚህ እኛ ጋ ጥሩው ነገር የረፋዱ ፀሐይ ነው። ነፋስ በሌለበት ቀን ከ4 ሰዓት በኋላ በሳፋ፣ ሞቅ ባለ ውሃ፣ ግማሹን ጥላ አድርጌ ለ20 ደቂቃ አወጣታለሁ። አጠገቧ እቆያለሁ፤ ቁራና ጭልፊት አለ። አኳሪየሙን ራሱን ፀሐይ ላይ እንዳታወጪ፤ ውሃው ቶሎ ይግላል።

የ4 ዓመቷን ነገር በቁም ነገር ውሰጂው። ጤነኛ የምትመስል ኤሊም ሳልሞኔላ የሚባለውን ባክቴሪያ ልትይዝ ትችላለች። አሜሪካ ውስጥ ከ10 ሳንቲ ሜትር ያነሰች ኤሊ እንዳትሸጥ በ1975 እ.ኤ.አ. የተከለከለው ልጆች አፋቸው ውስጥ እያስገቧት ስለታመሙ ነው። ትንሿ እንዳትነካት፤ ታይ ብቻ። ትልቁ ነክቶ ሲጨርስ እጁን በሳሙና ይታጠብ። የአኳሪየሙን ዕቃ ወጥ ቤት አትጠቢ።

ከሞተችው በኋላ ሁለተኛ ቀይ ጆሮ ነበረችኝ፤ እሷስ ምን ሆነች ትዪኝ ይሆናል። በሦስት ዓመት ስንዝር አለፈች፤ በሳፋ ማኖሩ እሷንም ማጎሳቆል ሆነ። ሸዋ ሮቢት በአጥር የተከበበ የሲሚንቶ ገንዳ ላለው ጓደኛዬ ሰጠኋት፤ አሁንም እዚያ ናት። በረሳ ወንዝ ላይ ልቀቃት ያለኝ ሰው ነበር። ቀይ ጆሮ በዓለም እጅግ ከሚጎዱት 100 ወራሪ ዝርያዎች አንዷ ሆና ተመዝግባለች። የአገሩን እንስሳ ምግብና ቦታ ትሻማለች፤ የትም ውሃ ላይ አትለቀቅም። ሙስክም ቢሆን 30 ዓመትና ከዚያ በላይ ትኖራለች። ልጅሽ ወደ 40 ሲጠጋ አብራው ልትሆን ትችላለች፤ ይህን አሁኑኑ ንገሪው፤ ይገባዋል።

ስለዚህ ገንዘብሽን ለኤሊዋ አታውጪ ገና። ትንሽ ቴርሞሜትር ግዢና አኳሪየሙን ልታስቀምጪ ባሰብሽበት ክፍል አንጠልጥዪው። ለአንድ ሳምንት ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ስንት እንደሚል መዝግቢ፤ ልጁ ይጻፈው። ቁጥሮቹን እዚህ ላኪልኝ፤ ስንት ዋት እንደሚያስፈልግሽ አብረን እናሰላለን። መስታወት አሠርቶ የሚያውቅ ባለሙያም አሳይሻለሁ።