ሲሞቅ ወደ ላይ ውጡ

መጋቢት ገብቶ ጎንደር መጋል ከጀመረች ወዲህ የሚደርሱኝ ደብዳቤዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው። ልጅ ያለው ሰው በሙሉ “የት እንሂድ?” ይላል። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በመምህርነት ነው። ተማሪ ይዤ ያልወጣሁት ዳገት የለም ማለት ይቻላል። እስቲ የማውቀውን ላካፍላችሁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የምኖረው ማራኪ ነው። የ4፣ የ8 እና የ13 ዓመት ልጆች አሉኝ። አማቴም አብረውን ናቸው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ባለቤቴ የሚያርፈው እሁድን ብቻ ነው። ጠዋት ወጥተን ማታ የምንመለስበት፣ ከዚህ ሙቀት ትንሽ የሚያሳርፈን ቦታ ይጠቁሙን።

መልስ፦ እህቴ፣ ሰው ሲሞቀው ቶሎ የሚታየው ውሃ ነው። “ጎርጎራ እንውረድ” ይላል። እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለው፤ ጎንደር ከ2,100 በላይ ናት። 1,000 ሜትር ወደ ላይ በወጣችሁ ቁጥር ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ወደ ሐይቁ ወረዳችሁ ማለት ሙቀቱን ተከትላችሁ ሄዳችሁ ማለት ነው።

ስለዚህ ለእናንተ ኮሶዬ ይሻላል። በደባርቅ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሚኒባስ ኮንትራት ያዙ። ዋጋውን ግን ከመነሳታችሁ በፊት ቁረጡ፣ ደርሶ መልሱንም የሚቆምበትንም ጨምራችሁ። አለዚያ እዚያ ከደረሳችሁ በኋላ “የመቆሚያም አለው” ይመጣል። አማትሽን ጋቢና አስቀምጫቸው። ዱካም ጫኚላቸው፤ መሬት ተቀምጦ መነሳት ለታመመ ጉልበት አይሆንም።

ከጠዋቱ 1 ሰዓት ውጡ። ቦታው ገደል አፋፍ ነው፤ ቆላው ከታች ተዘርግቶ ይታያል። ጥርት ብሎ የሚታየው ግን ጠዋት ነው፤ ረፋዱ ላይ ብናኙ ይጋርደዋል። ሰሌኑን ከአፋፉ ራቅ አድርጋችሁ አንጥፉ። ትንሹን ልጅ በተራ የሚጠብቅ ትልቅ ሰው መድቡ። የ13 ዓመቱን እንዳታምኑት፣ ስልክ ይዟል። ነፋሱ ስለሚበርድ ለሁሉም ሹራብ ያዙ፤ ለአማትሽ ጋቢ።

ምሳውን በተመለከተ፣ ጾም ስለሆነ ከሱፍ ፍትፍት የሚሻል አላውቅም። ቤት ፈትፍታችሁ ግን አትውጡ፤ እስክትደርሱ ሊጥ ይሆናል። ሱፉን ማታ ቀቅለሽ ፍጪው፣ በውሃ በጥብጠሽ አጥልዪው፣ ጨውና ትንሽ ዝንጅብል ጨምሪበት። ከዚያ በሃይላንድ ሞልተሽ ፍሪዘር ውስጥ አሳድሪው። እስከ አፉ አትሙዪው፣ ሲረጋ ይፈነዳል። እንጀራውን ለብቻ፣ ቃሪያና ሽንኩርቱን ለብቻ ያዢ። ምሳ እስኪደርስ በረዶው ይሟሟል፤ እዚያው ቆርሰሽ ታፈሺበታለሽ። በሙቀት እንደዚያ የሚያረካ ምግብ የለም።

ስትመለሱ ወለቃ ቁሙ። ቤተ እስራኤሎች የኖሩበት መንደር ነው። ከሸክላ የተሠሩ ትንንሽ ምስሎች ይሸጣሉ፤ ለልጆቹ አንድ አንድ ግዙላቸው።

አንድ ነገር ግን አደራ። የመንገዱ ነገር እንደየቀኑ ነው። ዋዜማውን መናኸሪያ ሄዳችሁ የመስመሩን ሹፌሮች ጠይቁ። “ሰላም ነው” ካላሏችሁ አትነሱ። ከ10 ሰዓት በፊትም ከተማ ግቡ።

ጥያቄ፦ እኔ ደግሞ አዘዞ ነኝ። ወንዶች ልጆቼ ጣና ካልዋኘን ብለው ሞተዋል። ጎርጎራ ልውሰዳቸው?

መልስ፦ ውሰዳቸው፤ መዋኘቱ ግን ይቅር። ጣና ውስጥ ብልሃርዝያ አለ። ትሉ ከቀንድ አውጣ ይወጣና በቆዳ በኩል ይገባል፤ ለዚያ ደግሞ መዋኘት አያስፈልግም፣ ዳር ላይ መንቦራጨቅ ይበቃዋል። ጉማሬም አለ። ከገቡ በኋላ ከመጨቃጨቅ ከቤት ሳትወጡ ተነጋገሩ።

የሚታይ ሞልቷል። የደንገል ታንኳ ሲሠራ ካገኛችሁ ልጆቹን እዚያው አቁማቸው። ደረቅ ደንገል በእቅፍ በእቅፍ እየታሰረ ጀልባ ሲሆን ማየት ነው። ደብረ ሲና ማርያምንም ሳታሳዩዋቸው እንዳትመለሱ፤ የግድግዳው ሥዕል ጥንታዊ ነው። በጀልባ ወደ ደሴቶቹ ለመሻገር ካሰባችሁ ግን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ እንደ ዳጋ እስጢፋኖስ ያሉት ገዳማት ሴት አያስገቡም። እናታቸው ጀልባ ውስጥ ስትጠብቅ እንዳትውል።

ቆሮሶ ጥብስ አለ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለንስሐ አባታችሁ ትቼዋለሁ። ሳይመሽ ተመለሱ፣ ጎርጎራ ባለችበት በደምቢያ ወባ አለ። ካደራችሁ አጎበር ያለበት ክፍል ያዙ።

ጥያቄ፦ ለፋሲካ ከአዲስ አበባ ልጆቼን ይዤ ወላጆቼ ጋ ጎንደር እመጣለሁ። ሁለት ቀን ወጣ ብለን ስሜን ተራሮችን ማየት ይቻላል?

መልስ፦ መንገዱ ሰላም ከሆነ ይቻላል። ደባርቅ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት እዚያ ስላለ መግቢያውን ከፍላችሁ፣ ስካውት፣ ማለትም የፓርኩን ጠባቂ፣ ይዛችሁ ትገባላችሁ። ከልጆች ጋር ድንኳን ውስጥ ማደርን አልመክርም፤ ሌሊቱ ያንዘፈዝፋል። ደባርቅ ሆቴል እደሩና በማግስቱ በጠዋት ሳንቃበር ድረስ በመኪና ሂዱ። ያ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ራስ ምታት ቢጀምራቸው አትደንግጡ። ውሃ አጠጧቸው፣ አታሯሩጧቸው፤ ካልተዋቸው ይዛችኋቸው ውረዱ።

ልጆቹ የሚወዱት ጭላዳ ዝንጀሮውን ነው። ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም። በመንጋ ተቀምጦ ሣር ሲነጭ ይውላል፣ ሰውን ከቁብም አይቆጥር። ብስኩት እንዳይወረውሩለት ንገሯቸው። ዋልያ ለማየት እስከ ጨነቅ መዝለቅ ይሻላል፤ ለትንንሽ ልጆች ግን መንገዱ ይረዝማል፣ እኔ ብሆን ሳንቃበር ይበቃኛል።

ጥያቄ፦ መኪናም ገንዘብም የለንም። ልጆቹ ቤት ውስጥ ታፍነዋል። ከተማው ውስጥ ምን አለ?

መልስ፦ ፋሲል መዋኛን ከጥምቀት ሰሞን ውጭ ስትሄዱ ውሃ አትጠብቁ፤ ደረቅ ነው። ጥላው ግን ግሩም ነው። የዛፎቹ ሥር የድንጋዩን ግንብ አቅፎ እንዴት እንደያዘው ልጆች ሲያዩ ይገርማቸዋል። ሌላ ቀን በጠዋት እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ቁስቋም ውጡ። ዳገት ነው፤ ስትመለሱ ግን ቁልቁለት ነው፣ ማንም አያለቅስም።

ሌላው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ነው። የሱዳኑ የድርቡሽ ጦር በ1880 ዓ.ም. ጎንደርን ሲያቃጥል ይቺ ቤተ ክርስቲያን ተርፋለች። አባቶች የሚሉት ንብ ወጥቶ መለሳቸው ነው። ይህን በር ላይ ሳላችሁ ንገሯቸው። ከዚያ ወደ ውስጥ ግቡና ጣሪያው ላይ ካሉት መላእክት ፊት እናታቸውን የሚመስል እንዲፈልጉ አድርጉ። ግማሽ ሰዓት ዝም ይላሉ። ቅዳሴ ላይ እንዳትደርሱ፣ ነጠላም እንዳትረሱ።